በቀይ ቀለም የጻፍናቸው ስሞች

ቀይ እስክሪብቶ አልወድም። አስተማሪ ሆኖ ቀይ እስክሪብቶ የሚሸሽ ሰው ካንቺ ሌላ አላየንም እያሉ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። የተማሪዎቼን ደብተር በአረንጓዴ ነው የማርመው፤ ርዕሰ መምህራችን ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ዓይኔን ያመኛል ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። ባለፈው ወር ታዲያ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዴስኳ ሥር ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ደብቃ ስታነብ ያዝኳት። ደብተሯን ብገልጠው የመጨረሻው ገጽ ላይ ዜውስ፣ ፖሲዶን፣ ሀደስ እያለች በቀይ ቀለም አሳምራ ደርድራለች። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ደብተሩን መልሼ ዘጋሁት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ ሰውነቴ ክፍል ውስጥ ቆሞ ልቤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት እናቴ ግቢ ውስጥ ነበር።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበረ ቤት የሚገኘው በወር ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ቤታችን ማለት እናቴ፣ እኔና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ናቲ ነበርን። የዚያን ጊዜዋን አዳማ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና አቧራውን ከነፌስታሉ ወደ ሰማይ ያወጣዋል፤ የጋሪ ፈረሶች በሙቀቱ አንገታቸውን ደፍተው ያዘግማሉ፤ ከወንጂ በኩል ሲነፍስ የሚፈላ የሸንኮራ ሽታ እስከ ደጃችን ይመጣል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሸንኮራ በጥርሳችን እየላጥን እንመጠምጣለን። ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሥምረን እየዘለልን፣ ፊታችን ተጣብቆ፣ ዝንብ እየተከተለን ወደ ቤት እንገባለን። እናቴ እኔን ስታጥብ የምትቆጣው ቁጣ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የልብ ጓደኛዬ ሌንሴ ነበረች፤ ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ነበር ቤታቸው። አባቷ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሎጆች ባንዱ ዘበኛ ስለነበሩ ቤት በመጡ ቁጥር ፈረንጆች ረስተውት ወይም ጥለውት የሄዱትን ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ግማሹ ያለቀ የፀሐይ ቅባት፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የዋና መነጽር። አንድ ጊዜ አራት መጻሕፍት አመጡ። ውኃ ነክቷቸው አብጠዋል፤ በየገጹ መሃል የሐይቁ አሸዋ አለ። ሽፋናቸው ላይ ፋኖስ የያዘች ልጅ በተሰበረ የድንጋይ ዓምድ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የወደቀው ጥላ ግን የእሷ አይደለም፤ ክንፍ አለው። ሌንሴ ያን ጥላ በጣቷ እየነካካች፣ "ይሄንን ሳናነብ ብንሞት ይቆጨናል" አለችኝ።

አራቱም ያንድ ተከታታይ ታሪክ ክፍሎች ነበሩ። አምስተኛውና የመጨረሻው ክፍል የለም፤ ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። እንግሊዝኛችን የሚያወላዳ ስላልነበረ ግማሹን በመዝገበ ቃላት፣ ግማሹን በግምት እያነበብን እኛ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ክረምቱን ሙሉ ዋልን። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የግሪክ አማልክት ከተራራቸው ተባረው አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ተራ ሰው መስለው ይኖራሉ። አንዱ ዓሣ ይሸጣል፣ አንዱ ፖስታ ያድላል፣ የሙታን ንጉሥ የሚባለው ደግሞ የአውቶቡስ መናኸሪያ ዘበኛ ነው። ልጆቻቸው እኛን የሚያክሉ ተማሪዎች ናቸው፤ የማን ልጅ እንደሆኑ የሚያውቁት አደጋ ሲመጣባቸው ነው። እያንዳንዱ አምላክ ሁለት ስም አለው፤ አንዱን ግሪኮች፣ ሌላውን ሮማውያን ያወጡለት። በግሪክኛው ከጠሩት ይሰማል፤ በሮማይስጡ ከጠሩት ይቆጣል።

እኔን ያስፈራኝ ግን ወንዙ ነው። ከመናኸሪያው ሥር፣ ከመሬት በታች፣ ጥቁር ወንዝ ይፈሳል። በዚያ ወንዝ ምሎ መሐላውን ያፈረሰ ሰው ራሱ አይቀጣም፤ የሚቀጣው ከሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ትንሹ ነው። በሁለተኛው ክፍል አንድ ልጅ ጨነቀውና የማለበትን ምስጢር ተናገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትንሽ እህቱ ከእንቅልፏ ሳትነሣ ቀረች። ያንን ገጽ በጠራራ ፀሐይ ነው ያነበብነው። እናቴ ናቲን አዝላ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እኔ ቀና ብዬ የናቲን እግሮች አየሁና መጽሐፉን ከደንኩት።

ከግቢያችን ጓሮ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነበረን፤ ጋሽ መኩሪያ ተከራይተውት ይኖሩበታል። ጋሽ መኩሪያ ከጎጃም የመጡ፣ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እስከ ቅኔ ቤት ዘልቀው የተዉ ሰው ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ቤት ሲሆኑ ደግሞ ሰዎች የሚያመጡላቸውን ያረጀ የጸሎት መጽሐፍ እየጠገኑ የጎደለውን ገጽ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይሞላሉ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፊደል የቆጠርነው በእሳቸው እጅ ነው። ክፍላቸው ቀለም፣ ቆዳና ሎሚ ይሸታል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ያባባኛል።

ሌንሴና እኔ የአማልክቱን ስም የምናሰፍርበት ደብተር ስናዘጋጅ እንደ እሳቸው መጻሕፍት ባለ ግርማ እንዲሆን ፈለግን። ቀይ ቀለም ለመንናቸው፤ በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ሞልተው ሰጡን። ምን ልትጽፉበት ነው ሲሉን ጥቂቱን ስም አነበብንላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ! የእናንተው ዜውስ በመጽሐፍ ቅዱስ ድያ ነው፤ መልእክተኛው ደግሞ ሄርሜን ነው። ጳውሎስን ልስጥራ ላይ ሄርሜን መጣልን ብለው በሬ ሊሠዉለት ነበር እኮ። አርጤምስም የኤፌሶን ሰዎች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የጮኹላት ናት።" ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ጣዖታት ናቸው ልጆቼ። ለጨዋታ ካልሆነ በቀር አትጥሯቸው" አሉን።

እኛ ምክሩን ትተን ስሙን ያዝን። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈልነው፤ የግሪኩ ስም፣ የሮማው ስም፣ ጋሽ መኩሪያ የነገሩንም ካለ ከጎኑ። ጽሕፈቱም የትምህርት ቤት ጽሕፈት እንዳይሆን እሳቸው ያስተማሩንን ወፍራም የቁም ጽሕፈት አስመሰልን። መጨረሻው ላይ ደግሞ የግቢያችንን ሰው ሁሉ ላማልክቱ አከፋፈልን። እናቴ የሰማይ ንግሥት ሆነች፤ ቁጣዋ ልክክ ይላል። ጋሽ መኩሪያ የሰው መልእክት ስለሚጽፉ ለሄርሜን ደረሱ። አባቴ የመንገድ ሰው ቢሆንም ጅቡቲ ባሕር አለ ብለን ለፖሲዶን ሰጠነው። ለሁሉም አድለን ስንጨርስ የቀረው አንድ ሰው ናቲ፣ የቀረው አንድ አምላክ ሀደስ ነበር። ሌንሴ እየሳቀች አነበበችልኝ፤ እኔ በቀዩ ጻፍኩ። "ሀደስ፣ ፕሉቶ፣ የሙታን ንጉሥ፣ ናትናኤል።"

መሐላው የሌንሴ ሐሳብ ነው። ወንጂ አክስት ነበረቻት፤ ባሏ የሸንኮራ ቆራጭ ነው። አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድንና ከምሳ በኋላ ማንም ሳያየን በሸንኮራው ማሳ መሃል አሳብረን አዋሽ ዳር ደረስን። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። እዚያ አዞ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እጃችንን እስከ ክንዳችን ነክረን፣ የደብተሩን ነገር ለማንም ሰው ላንናገር፣ ከተናገርን የምንወደው ትንሽ ሰው እንዲወሰድ ማልን። ሌንሴ ያክስቷን ልጅ ጠራች፤ እኔ ናቲን ጠራሁ። እንደጨረስን ከማዶው ዳር ግንድ የመሰለኝ ነገር ቀስ ብሎ ውኃው ውስጥ ገባ። ከኋላችን ነፋስ ሳይኖር ሸንኮራው ተንኮሻኮሸ። እየተጋፋን ሮጥን፤ ክንዴ ላይ የቀረውን ጭቃ አክስቷ ቤት እስክደርስ ለማበስ አልደፈርኩም።

ደብተሩን የት እንደብቀው የሚለው ከባድ ነበር። እናቴ ቦርሳዬን በየቀኑ ትበረብራለች፤ የሌንሴ ቤት ደግሞ ስድስት ልጆች አሉ። ስለዚህ በፌስታል ጠቅልለን ከሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮና ከግድግዳው አፋፍ መሃል ሰካነው። እኔ ነኝ በርጩማ ላይ ቆሜ የሰካሁት። የመረጥነው ጋሽ መኩሪያን ማንም ስለማይጠረጥራቸው ነው፤ ልጅ የሚያስበው እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው።

መስከረም ጠባ፤ ናቲ ታመመ። አንድ ቀን ያነደዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ በማግሥቱ ደህና ይሆንና ቂጣ ይዞ ይድሃል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይጀምረዋል። እናቴ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰደችው፤ ቶንሲል ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡት። ሽሮፑ አለቀ፣ ልጁም አለቀ። ጸበል ተወሰደ፣ ስለት ተሳለለት። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች በየጠዋቱ ብቅ እያሉ ፊቱን ያዩና፣ "ይሄ የበሽታ አይደለም፤ በዚህ ልጅ ላይ የተሠራ ነገር አለ" ይላሉ። እናቴ መጀመሪያ ዝም ትላቸው ነበር፤ በኋላ ግን አብራ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች።

እኔ ደግሞ የተሠራው ነገር የቱ እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አምኛለሁ። ስሙን ከሙታን ንጉሥ ጎን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ልሰርዘው ፈለግሁ፤ ሌንሴ ግን አባቷ ዘንድ ላንጋኖ ሄዳ ትምህርት ቢጀመርም ገና አልተመለሰችም፤ ብቻዬን ብሰርዘው መሐላ ማፍረስ ይሆንብኝ እንደሁ ፈራሁ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው የቆርቆሮውን ጠርዝ ነበር። የፌስታሉ ጫፍ በነፋሱ እፍ እፍ ይላል፤ እኔ ከውስጥ የሚተነፍስ ነገር ያለ እየመሰለኝ ዓይኔን ጨፍኜ አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ክረምቱ ያበላሸውን ጣራ ልታስጠግን ሠራተኛ አመጣች። ሰውየው መሰላል ላይ ቆሞ አንድ ሁለት ምስማር እንደመታ፣ "እቴቴ፣ ይሄ የማነው?" አለና ፌስታሉን ወረወረላት። በር ላይ ቁጭ ብዬ ለናቲ ሎሚ እየጨመቅሁ ነበር። እናቴ ገለጠችው። ቀዩን አየች፣ የቁም ጽሕፈቱን አየች፣ በማታውቃቸው ስሞች የተሞሉትን ዓምዶች በጣቷ ተከትላ ወረደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ የልጇን ስም አነበበች። የጮኸችው ጩኸት የጎረቤቱን በር ሁሉ አስከፈተ።

ወዲያው ግቢው ሞላ። እትዬ አስናቀች የእናቴን የንስሐ አባት አስጠሩ። ካህኑ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ገጽ እንደገለጡ ፊታቸው ጠቆረ፤ እኛ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያገኘናቸውን ሳይሆን ጋሽ መኩሪያ የነገሩንን ነው የለዩት። "አርጤምስ… ድያ… እነዚህ ከሐዋርያት ጀምሮ የተወገዙ ጣዖታት ናቸው። ይሄን የጻፈው የተማረ ሰው ነው" አሉና ደብተሩን ዘጉት። በሰፈራችን ቅኔ ቤት የገባ፣ ቀይ ቀለም ያለው፣ ብቻውን የሚኖር የተማረ ሰው አንድ ነው። ስሙን የጠራ የለም፤ ሁሉም ሰርቪስ ቤቱን ዞሮ አየ።

ጋሽ መኩሪያ ጃንጥላቸውን ጠቅልለው ሲገቡ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። እናቴ እስከዚያች ቀን አንቱ ስትላቸው የኖረችውን ሰው በዚያች ደቂቃ አንተ አለቻቸው።

"ምን አደረገህ ልጄ? ምን በደለህ?"

ደብተሩን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ገጽ ገለጡ፤ ሄርሜን የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ያን ጊዜ የማን ደብተር እንደሆነ አወቁ። እኔ ከእሳቸው አምስት እርምጃ አልርቅም፤ ግን ወደኔ አላዩም። ካህኑ የማን ነው ብለው ጠየቋቸው።

"ቀለሙ የእኔ ነው" አሉ።

"ጽሕፈቱስ?"

ሽፋኑን ቀስ ብለው ዘጉና፣ "ከእኔ ጣራ ሥር ከተገኘ ምን እላለሁ አባቴ?" ብለው ደብተሩን መለሱ። ልጆች ናቸው የጻፉት ቢሉ ናቲ እንዲያ በሆነበት ቀን በኔ ላይ ምን እንደሚመጣ ያወቁ ይመስለኛል። ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም፤ ለምን አይናገሩም፣ ለምን አያድኑኝም እያልኩ በልቤ እቆጣቸው ነበር።

የኔ ነው ልል ነበር። እናቴ ናቲን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑ በግማሽ ተከድኗል። ሰውን ገፋ አድርጌ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ያን ጊዜ በር ላይ ሌንሴን አየኋት፤ ከላንጋኖ መመለሷ ነው፣ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። በከንፈሯ ብቻ፣ "ሂን ሂሚን" አለችኝ፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። ከዚያ በዓይኗ ናቲን አሳየችኝ። እርምጃዬን መለስኩ።

ጋሽ መኩሪያ በዚያው ከሰዓት ለቀቁ። አንድ ሳጥን፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጃንጥላ፤ ሁሉም በአንድ ጋሪ ሄደ። ፊደል ያስቆጠሯቸው ልጆች ከጋሪው ኋላ ምራቅ እየተፉ ተከተሏቸው፤ ሴቶቹ አማተቡ። እናቴ ደብተሩን ግቢው መሃል አቃጠለችው፤ ከክፍላቸው የተገኘውን የቀለም ብልቃጥ ሁሉ ደጅ ደፋችው። ቀዩ አቧራውን እያራሰ በቀስታ ወደ በሩ ሄደ። እትዬ አስናቀች እንዳልረግጠው ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ።

ሰኞ ናቲን ትልቁ ሆስፒታል ወሰድነው። ደሙን አይተው ወባ ነው አሉ፤ አዳማ ላይ፣ በመስከረም፣ በወባው ወር፣ ማንም ያላሰበው ወባ! መድኃኒት ሰጡት። ማክሰኞ ከሰዓት ተነሥቶ ቁጭ አለና ዳቦ ጠየቀ። ጋሽ መኩሪያ ከሄዱ ሦስተኛው ቀን ነበር። እናቴ ደሙ ውስጥ ያለው በሽታ እንኳ ሰውየው ከግቢ ሲወጣ ነው የተገለጠው ብላ አመነች። እኔ ደግሞ ዝም በማለቴ ወንድሜን አዳንኩት ብዬ አመንኩ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ "አንቺም እኮ ከስተሻል፤ የወንድምሽ ነገር ጎድቶሻል" እያለች ፀጉሬን ዳበሰችኝ። እንደዚያ ቀን ወድዳኝ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሌንሴና እኔ ከዚያ ወዲያ ስለ መጻሕፍቱ አውርተን አናውቅም። ቀስ በቀስ ስለ ሌላውም ነገር ማውራት ተውን። የመጨረሻውን ክፍል ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ አንዲት ልጅ ዶርም ውስጥ አልጋዋ ላይ ጥላው ነበር። ቆሜ ጀመርኩት፣ መሬት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ወንዙ ለካ ተራ ውኃ ነበር። መሐላው ይገድላል ብለው ያስወሩት አማልክቱ ራሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ እንዳይነጋገሩባቸው ፈርተው። ትንሿ እህት የሞተችውም በወባ ንዳድ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ አልጋዋ ላይ መለስኩት።

በዚያው ክረምት ጋሽ መኩሪያን ፍለጋ ጀመርኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው የለም፤ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል። አንድ የድሮ ጓደኛቸው መቂ ገቡ ሲባል ሰምቻለሁ አሉኝ። መቂ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያገኘኋቸው አንድ ዲያቆን ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሩኝ፤ ለልጆች ፊደል ያስተምሩ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ግን ቀይ ቀለም በእጃቸው አይነኩም ነበር አሉ። ምንሽ ነበሩ ሲሉኝ፣ "አስተማሪዬ" አልኩ። መቃብራቸው ላይ ቆሜ ያሰብኩትን አንዱንም መናገር አልቻልኩም።

ለእናቴም አልነገርኳትም። እሷ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ ናቲ ከደብተራው እጅ እንዴት እንደተረፈ ታወራለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዘንድሮ ልጅ አለኝ፤ ስምንት ወሯ ነው። ሳስተምር የምትውለው እናቴ ጋ ነው። ሰርቪስ ቤቱን አሁን የተከራየችው ብርቱካን የምትባል የአርሲ ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ትሠራለች፣ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነች ቀን ትተኛለች። ከጥቂት ሳምንት በፊት ልጄን አተኮሳት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴና እትዬ አስናቀች ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ሳህን ላይ በክር የታሰሩ፣ ቁጥር የታተመባቸው ትንንሽ ቁራጭ ጨርቆች አሉ፤ ከብርቱካን በር ሥር ነው የለቀሟቸው። ፋብሪካ ውስጥ የተቆረጠ ልብስ የሚለይባቸው ምልክቶች ናቸው፤ ልጅቷ ከልብሷ ጋር ተጣብቀው ይመጡባታል።

"ቀን ተኝታ ሌሊት የምትወጣ ሴት" አለች እናቴ። "ይሄ ቁጥር ምንድነው? ዛሬውኑ ትውጣልኝ። የናቲ ነገር አይደገምብኝም።"

ብርቱካን በሯን ዘግታ ተኝታለች፤ ምንም አልሰማችም። እናቴ ልታንኳኳ ተነሣች። ልጄን አንሥቼ አቀፍኳትና በሩ ፊት ቆምኩ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። መጻሕፍቱን፣ ብልቃጡን፣ አዋሽን፣ በርጩማውን፣ ስሙን የጻፈችውን እጅ። ጋሽ መኩሪያ መቂ ላይ እንደተቀበሩም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። ለእሳቸው ታለቅሳለች፣ ትመታኛለች፣ አብረን ሄደን መቃብራቸው ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

እናቴ በሩን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ "ናቲን ለሙታን ንጉሥ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"ልቦለድ ነው እኮ እማዬ። የልጅ ጨዋታ ነው። ናቲን የያዘው ወባ ነው።"

አልሰማችኝም። ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደምትቀበል ሁሉ፣ ልጄን ከእቅፌ ወሰደቻት። እትዬ አስናቀች አማተቡ።

ልጄን የጤና ጣቢያው ሐኪም አያት፤ ጆሮዋ ነበር፣ በአራት ቀን ዳነች። ብርቱካን አልወጣችም። ማታ ማታ ወደ ሥራ ስትሄድ በር ላይ ካገኘችኝ "አካም ጅርታ?" ብላ ደህንነቴን ጠይቃኝ ፈገግ ትላለች፤ ከምን እንደተረፈች አታውቅም፣ አልነግራትምም። ናቲ አሁን ከኔ ይረዝማል። ታሪኩን ስነግረው ሳቀና የሙታን ንጉሥ ነኝ እያለ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ እናቴ ጮኻ አስቆመችው።

ያኔ ዝም ብዬ አንድ ሽማግሌ አስባረርኩና የእናቴ ዓይን ማረፊያ ሆኜ አደግሁ። አሁን ተናግሬ አንዲት የሰው ልጅ ከመባረር አዳንኩ፤ በእናቴ ዓይን ግን ጋሽ መኩሪያ ያን ቅዳሜ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ጠልታኝ አይደለም፤ ምሳዬን አሁንም ታስቀምጥልኛለች። ግን ልጄን ልወስድ ስሄድ ግንባሯ ላይ በእምነት አመድ የተሠመረ መስቀል አገኛለሁ፤ ከበሩ እስክንወጣም እናቴ በሹክሹክታ ትጸልያለች። ትላንት ልጄ እንቅልፏ መጥቶ ነጭናጫ ሆና ወደኔ አልሄድም ብላ አለቀሰች። እናቴ ጀርባዋን እያሻሸች አባበለቻትና ወደኔ እየዘረጋቻት፣ "እናትሽ ናት፤ አይዞሽ፣ አትፍሪ" አለቻት።